ከቦምቤ እስከ ፋሬ

አድማጮቼ፣ ለዛሬ የያዝኩት የማሾ ገበያን ነበር፤ ስልካችሁ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ማሾአችንን ከሚሸምቱት አገሮች አንዷ ህንድ ናት ብዬ ካወራሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል። ከአጣዬ የደወለው ወጣት፣ «ያን ያህል ሕዝብ ሆነው እፍኝ የማይሞላ እንግሊዝ እንዴት ገዛቸው? ወኔ ቢያጡ ነው እንጂ!» አለኝ። ከእሱ በኋላ የደወላችሁትም ያንኑ ነው ያላችሁት፤ አንዳንዶቻችሁማ እየሳቃችሁ። በዓድዋ እኔም እኮራለሁ። በሌላው ሕዝብ መሳቂያ ሲሆን ግን ይከብደኛል።

ስለዚህ ማሾው ይቆየንና ስለ ህንድ እንነጋገር። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በኋላ ተሳሳትክ ብላችሁ እንዳትደውሉ።

ህንድን መጀመሪያ የያዛት የእንግሊዝ መንግሥት አይደለም፤ ነጋዴ ነው። በ1600 ከእንግሊዝ ንግሥት የንግድ ፈቃድ ያወጣ፣ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የሚባል ባለ አክሲዮን ማኅበር። ቅመምና ጨርቅ ሊገዛ መጣ። መጋዘን የሚሠራበት ቦታ ለመነ፤ ተሰጠው። ለመጋዘኑ ዘበኛ ቀጠረ፤ ዘበኞቹ እያደር ጦር ሆኑ። በ1757 ቤንጋል ውስጥ፣ ፕላሲ ላይ፣ ከአገሩ ገዥ ከሲራጅ ኡድ ዳውላ ጋር ገጠመ። ያሸነፈው በመድፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የገዥው የጦር አለቃ ሚር ጃፋር ከኩባንያው ጋር አስቀድሞ ተዋውሎ ስለነበር ጦሩን ይዞ ዳር ቆሞ አየ። ለውለታው ሥልጣኑን አገኘ፤ ኩባንያው ደግሞ እሱን አገኘ። በ1765 ኩባንያው፣ በስም የአገሩ የበላይ ከነበረው ከሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት፣ የቤንጋልን ግብር የመሰብሰብ መብት በወረቀት ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ የህንድን ጨርቅ የሚገዛው በህንዶች ግብር፣ ህንድን የሚወጋው በህንድ ወታደር ሆነ።

ማሽላህን ከወፍ ልጠብቅልህ ብሎ የመጣ ሰው ዋጋውን ከአዝመራህ እየቆረጠ ቆይቶ፣ ዝናብ የቀረ ዓመት እርሻውን ቢወስድብህስ? ኩባንያው ለየመሳፍንቱ ያቀረበው ውል ይኸው ነበር። ጦሬ ይጠብቅህ፣ ቀለቡን አንተ ቻል። ያለ እኔ ከማንም ጋር አትዋዋል። ወኪሌም ከቤተ መንግሥትህ ይቀመጥ። መክፈል ያቃተው መሬት ቆርጦ ሰጠ። ማን ፈረመ? ጎረቤቱን የፈራ ሁሉ። ይህ ታዲያ የማን ወኔ ማነስ ነው? በ1857 ዋዜማ ከኩባንያው አምስት ወታደሮች አራቱ ህንዳውያን ነበሩ። እንደ ሌላው ሁሉ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ደመወዝተኞች ናቸው፤ የሚዋጉትም አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ግዛት ሰው ጋር ነው፤ ያኔ ሁሉንም አንድ አገር የሚያደርግ መንግሥት አልነበረም።

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ፤ ልትሰሙኝ የሚገባው እዚህ ላይ ነውና። ያ ኩባንያ በ1839 የየመኗን ወደብ ኤደንን ያዘ፤ ያስተዳድራትም የነበረው ከህንዷ ከተማ ከቦምቤ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የቦምቤው አስተዳደር ሻምበል ሃሪስ የሚባል፣ ህንድ ያገለገለ የጦር መሐንዲስ፣ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ላከ። ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ የገባው በየት ይመስላችኋል? በይፋት! ከዚህ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደቡብ፣ ከአንኮበር ግርጌ፣ ፋሬ ላይ። ሸዋ ሮቢት ሲባል ማረሚያ ቤቱና ማንጎው ብቻ ትዝ የሚላችሁ፣ ይህ ቆላ የሸዋ መንግሥት የባሕር በር እንደነበር ልብ በሉ። ኬላውን የሚጠብቁት ወላስማ የሚባሉት የይፋት ገዥ ነበሩ፤ ያለ ንጉሡ ፈቃድ እንግዳ አያልፍም። ሃሪስም ፈቃድ ጠበቀ። ከዚያ ግመሎቹ ጭነታቸውን አራገፉ፤ ጓዙ በሸክም ዳገቱን ወጣ። በጓዙ ውስጥ መድፍና ጠመንጃ አለ፤ ሰዓትና ሐር አለ፤ ሁሉም ስጦታ ነው።

በኅዳር 1841 ውል ተፈረመ፤ ወዳጅነት፣ ንግድ፣ ለእንግሊዝ ነጋዴ መንገድ መክፈት። ልብ አድርጉ፤ በህንድም የተጀመረው በንግድ ውልና በስጦታ ነው።

ውጤቱ ግን አንድ አልሆነም። ሣህለ ሥላሴ የፈለጉት ጠመንጃና ባለ እጅ ነበር፤ ያንን ተቀበሉ። ነጋዴው እንደ ልቡ እንዲመላለስ ግን አልፈቀዱም። ፈረንሳዊው ሮሼ ሲመጣ በ1843 ከእሱም ጋር ተዋዋሉ። ሃሪስ በዚያው ዓመት ሄደ፤ ውሉም ወረቀት ሆኖ ቀረ። ንጉሡ ብልህ ነበሩ ብትሉ አልከራከርም። ግን የቤንጋል ወንዝ የኩባንያውን መርከብ እስከ መሃል አገር ያስገባል፤ የእኛን ደጃፍ ደግሞ የአፋር በረሃ ያጥረዋል። ኩባንያው የጨርቅ ገበያና ብዙ ግብር የሚያስገኝ አገር ፈላጊ ነው፤ አንኮበር ለዚያ አልበቃችውም። ግብራችንን በወረቀት ፈርመን አልሰጠንም፤ በገንዘባችን የምንቀልበው የውጭ ጦርም አላስገባንም። በድፍረት መብለጣችን ሳይሆን ይህ ነው ልዩነቱ። ደግሜ ልበለው፤ ሰይፍ ይዞ የመጣ ጠላት በሩቁ ይታያል፤ ህንድ የተያዘችው ሊሸጥና ሊለውጥ በመጣ ሰው፣ በራሷ ገንዘብና በራሷ ልጆች እጅ ነው።

በ1868 አፄ ቴዎድሮስ ላይ መቅደላ ድረስ የዘመተው ጦርስ ከየት ተነሣ? ከቦምቤ። 44 ዝሆኖች መድፍ ተሸክመው መጡ፤ ከወታደሩ ብዙው ህንዳዊ ነው። መደበኛ ደመወዛቸውም የተከፈለው ከህንድ ግምጃ ቤት ነበር። የህንድ ገበሬ የማያውቀውን ተራራ ሊያስወጋ ከፈለ ማለት ነው።

ዝም አሉ ላላችሁት ደግሞ፣ አላሉም። በ1857 የኩባንያው የራሱ ወታደሮች ተነሡበት። የጃንሲዋ ንግሥት ላክሽሚባይ፣ የጉዲፈቻ ልጇ አይወርስም ተብሎ ግዛቷ የተወሰደባት ሴት፣ በፈረስ ተዋግታ በ1858 በጦር ሜዳ ሞተች። አመጹ ታፈነ፤ ኩባንያው ተሻረ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ገዥ ሆነች።

ከሁሉ እኔን የሚገርመኝ የጨው ነገር ነው። የእንግሊዞቹ ሕግ ጨው ማውጣትና መሸጥ የመንግሥት ነው ይላል፤ ባሕሩ ዳር የሚኖረው ድሃ እግሩ ሥር የደረቀውን ጨው ማንሳት አይችልም፤ ግብር የተጨመረበትን መግዛት አለበት። ቅድመ አያቶቻችሁ አልዩ አምባ ገበያ አሞሌ ይዘው የሄዱ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በመጋቢት 1930 የነፃነት ትግሉ መሪ ጋንዲ በ60 ዓመቱ 78 ሰዎች አስከትሎ ከሳባርማቲ ተነሣ። 385 ኪሎ ሜትር በእግሩ! ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ ደርሶ፣ ተመልሶ ደብረ ብርሃንን ማለፍ ማለት ነው። ከ24 ቀን በኋላ ዳንዲ ባሕር ዳር ደረሰና በማግስቱ ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ጨው አነሣ። ዓመቱ ሳያልቅ ወደ 60,000 ሰው ታሰረ። ሰውዬው ያሰበው ምን መሰላችሁ? እንግሊዝ ህንድን የሚገዛው በህንዶች እጅ ከሆነ፣ እጃቸውን ይሰብስቡ። ግብሩን አይክፈሉ፣ ጨርቁን አይግዙ፣ ቢሮውን ይልቀቁ። ከላይ ያልኳችሁን ገልብጦ አየው፤ ከመካከላችን ገባኝ ከሚለው ሁሉ ይልቅ ለእሱ ገብቶታል።

ቴክኒሺያናችን በመስታወቱ ሰዓቱን እያሳየኝ ነው፤ እሮጣለሁ። በ1919 አምሪትሳር ላይ ባዶ እጁን የተሰበሰበ ሕዝብ ተረሸነ፤ መንግሥት ያመነው ብቻ 379 ሙት ነው። በ1943 የቤንጋል ረሀብ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በ1946 ቦምቤ ላይ የባሕር ኃይሉ ህንዳውያን መርከበኞች አመጹ፤ እንግሊዝ የሚተማመንበት እጅ በመጨረሻ እንዲህ ከዳው። ነሐሴ 1947 ነፃነት መጣ፤ ግን አገሩ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሚሊዮኖች ተሰደው፣ በየመንገዱ እየተራረዱ። ይህን ብቻውን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ግን አልወጣም። ጣሊያን ሲወረን የጋንዲ የትግል ጓድ ኔህሩ በሮም ሲያልፍ ሙሶሊኒ ሊያገኘው ቢፈልግም እሱ እምቢ አለ፤ በግንቦት 1936 ደግሞ የኮንግረስ ፓርቲው መሪ ሆኖ በመላ ህንድ የአቢሲኒያ ቀን እንዲከበር ጠራ። በ1941 ከረን ላይና አምባላጌ ላይ ጣሊያንን ከገጠሙት መካከል ህንዳውያን ነበሩ። ከመተማ ወደ ጎንደር በሚያስኬደው መንገድ ጣሊያን የቀበረውን ፈንጂ ለአራት ቀን ሌት ተቀን ሲያወጣ የቆየው ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የ22 ዓመት ህንዳዊ መኮንን ነበር። ፈንጂ ፈንድቶበት ጆሮው ተጎድቶ ሥራውን አላቋረጠም። የእሱ አገር ያኔ ነፃ ልትወጣ ገና ስድስት ዓመት ይቀራት ነበር።

በህንድ መምህር የተማራችሁ የሸዋ ሮቢትና የአካባቢዋ ሰዎች፣ መቼም ሞልታችኋልና፣ የምታስታውሱትን ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው አነበዋለሁ። ዜና ደርሷል፤ ደህና ዋሉ።