ልጆቻችን የዝግጅት ሥራን የት ይልመዱ?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንድ አባል የተደረገ ንግግር)



የሥራ አመራር ኮሚቴያችን ለልጆቻችን የሚጠቅም አንድ ነገር እንድናገር ሲያዘኝ፣ ከማውቀው አንድ ሙያ ሌላ የምለው ስለሌለኝ እሱኑ ይዤ ቀርቤአለሁ። ይኸውም ድግስና ስብሰባ ማሰናዳት ነው፤ ልጆቹ «ኢቨንት» የሚሉት። በሆቴል የድግስና የስብሰባ ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼ በጡረታ ወጥቻለሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለሥራ ልምምድ የሚያመለክቱትን ወጣቶች ወረቀት ተቀብዬ የማነበው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የምናገረው ከአመልካቹ ወገን ሳይሆን ከተቀባዩ ወገን ሆኜ ያየሁትን ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በያዝነው ዓመት ብቻ አምስት እናቶች መንገድ ላይ አቁመው «ወንድሜ፣ ልጄ ተመርቃ ቤት ውላለች፤ ይኸን ኢቨንት የሚሉትን መሥራት ትፈልጋለች፤ እባክህ አንድ ቦታ አስገባልኝ» ብለውኛል። «አስገባልኝ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ያለ ሰው አይገባም ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። መቼም በአገራችን የዘመድ ነገር የለም ብዬ አልዋሽም። ይሁን እንጂ በዚህ ሙያ ዘመድ ቢበዛ ከበሩ ቢያደርስ ነው። ስድስት መቶ እንግዳ ተቀምጦ ምግቡ ሲዘገይ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ አልነሣም ሲል፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሥራው በከተማችን አዲስ አይደለም። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የ32 ነጻ አገሮች መሪዎችና ተወካዮች በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ ያን ሁሉ እንግዳ የተቀበለ፣ ያስቀመጠ፣ ያበላ ሰው ነበረ። ዛሬም የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየዓመቱ በየካቲት ይሰበሰቡብናል። በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ እዚሁ ተደርጓል። በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሯጮች የተጀመረው ታላቁ ሩጫም አለ። ሠርጉን፣ ምርቃቱን፣ የበዓል ባዛሩን፣ የመሥሪያ ቤት ዓመታዊ በዓሉን የቆጠረው የለም። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ሰው ይፈለጋል።

ታዲያ ልጆቻችን ሥራውን የሚያውቁት በስልካቸው ላይ በሚያዩት አበባና ፊኛ ነው። አበባው የሥራው ጥቂቱ ክፍል ነው። የቀረው መቁጠር፣ ሰዓት መጠበቅና ወረቀት መያዝ ነው። ስንት ሰው ተጠራ፣ ስንቱ ይመጣል፣ ስንቱ ጾመኛ ነው፣ ፕሮፎርማው ከስንት ቦታ መጣ፣ ቀብዱ ለማን ተከፈለ፣ ድምፅ ማጉያው በስንት ሰዓት ይደርሳል፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ዕቃውን ቆጥሮ የሚረከበው ማን ነው? ይኸን የማይወድ ልጅ ሌላ ሙያ ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ነውር የለውም።

ልምምዱ የት ይገኛል? ሁሉም ሩጫው ወደ ትልልቆቹ ሆቴሎች ነው። ሆቴል መልካም ነው፤ ሥርዓት ያስተምራል። ነገር ግን እዚያ ተለማማጁ ሦስት ወር ሙሉ ናፕኪን ሲያጥፍ ሊከርም ይችላል። እኔ የምመክረው አምስትና ስድስት ሠራተኛ ብቻ ያሉትን ትንሽ የዝግጅት ድርጅት ነው። እዚያ ልጁ ጠዋት ከደንበኛ ጋር ሲነጋገሩ ይሰማል፣ ከሰዓት መርካቶ ወርዶ ጨርቅ ይገዛል፣ ማታ መድረክ ሲሠራ ያያል። የድንኳንና የድምፅ ማጉያ አከራዮችም አሉ፤ ተመራቂ ልጅ እዚያ መግባት ያፍራል እንጂ ዕቃን ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በጎ አድራጎት ድርጅቶችና የሙያ ማኅበራትም ዓመታዊ ስብሰባቸው ሲደርስ እጅ ያጥራቸዋል፤ ማንም ስለማያስባቸው ማመልከቻ አይበዛባቸውም።

ማስታወቂያ በቴሌግራም ይወጣል፤ ወጣቶቹ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ለመመዝገቢያ ወይም ለልምምድ ቦታ ገንዘብ አስገቡ የሚል ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ሂዱ።

ጊዜውንም ማወቅ ያሻል። የሠርግ ወራት የሚባሉት ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። በዐቢይ ጾም የክርስቲያን ሠርግ የለም፤ በረመዳንም የሙስሊሙ ሠርግ ይቆማል። ብዙ ልጆች የሚያመለክቱት ሥራው ሲግል፣ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ ነው። ያን ጊዜ ወረቀት የሚያነብ ሰው ከየት ይመጣል? ለጥር የሚያስብ በኅዳር፣ ከፋሲካ በኋላ ላለው የሚያስብ በጾሙ መካከል ይሂድ። ባለቤቱ በጾም ወራት ቢሮው ቁጭ ብሎ ይገኛል፤ ሻይም ይጋብዛል።

አሁን ወደ ማመልከቻው ልምጣ። ከተማሪ ቤት የሚሰጠውን የትብብር ደብዳቤ መያዝ ግድ ነው። ነገር ግን የትብብር ደብዳቤ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የሚለወጠው። ሰውን ከሰው የሚለየው ራሱ ልጁ የሚጽፈው አንድ ገጽ ነው። በእጄ ካለፉት አብዛኞቹ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችልና ጫናን የምቋቋም ነኝ» ይሉ ነበር። ይኸን አንብቤ ስለ ልጁ ያወቅሁት አንዳችም ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ግን ከአንዲት ልጅ የመጣ ወረቀት አነበብኩ። «አጎቴ ሲያርፍ በቤታችን ለሦስት ቀን የለቀስተኛውን ምሳ ያስተናገድኩት እኔ ነበርኩ፤ በመጀመሪያው ቀን እንጀራ አንሶን ስለነበር በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰው ቆጥሬ ከጎረቤት አስጋገርኩ፤ የተዋስናቸውን ሳህኖች በየባለቤቱ ስም ጽፌ ሁለት ብቻ ጎድለው መለስኩ» ትላለች። ዲግሪዋ በሌላ ትምህርት ነበር። በማግሥቱ ጠራኋት። ሁለቱ ሳህን መጉደሉን መጻፏ ነው ይበልጥ የማረከኝ።

እንግዲህ ወጣቶች፣ የምትጽፉት እንዲህ ያለውን ነው። የት፣ ለስንት ሰው፣ እናንተ ምን ሠራችሁ፣ ምን ጎደለ፣ እንዴት ሞላችሁት? ሲጠሯችሁም «መብራት ቢጠፋ ምን ታደርጋለህ?» «ዋናው እንግዳ ሁለት ሰዓት ቢዘገይስ?» መባሉ አይቀርም። መልሱን ከመጽሐፍ አትፈልጉት፤ ካያችሁት ንገሩ።

ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ልጄ ምን ልትማር ነው? ከሰፈራችን የወጣች አንዲት ልጅ በአንድ ድርጅት ሦስት ወር «ተለማማጅ» ተብላ ወንበር ስትሸከምና የአበባ ማስቀመጫ ስታጥብ ቆይታ፣ የታክሲ እንኳ ሳይሰጧት፣ በመጨረሻ የምስክር ወረቀት ስትጠይቅ «እኛ አልቀጠርንሽም» ተብላለች። ወንበር መሸከም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እኔም የጀመርኩት በሱ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ እሱ ብቻ ከሆነ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ነጻ ጉልበት ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን በፊት በወረቀት ይስፈር፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው ክፍል፣ አበልና መጓጓዣው ስንት፣ ሲያልቅ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጥ። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ደኅና ድርጅት አይቆጣም፤ የሚቆጣ ካለ ገና ከበሩ ታወቀ ማለት ነው።

የማታው ነገርም አለ። ድግስ የሚያልቀው በሌሊት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑትን መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትንም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቅድም። ዕድሜዋ ለደረሰችውም ቢሆን ማን ቤቷ እንደሚያደርሳት አስቀድሞ ይታወቅ። «ታክሲ አይጠፋም» የሚለው መልስ መልስ አይደለም።

አሁን ለኮሚቴያችን ወደ ያዝኩት ሐሳብ ልግባ። «ልምድ የሌለውን አንቀበልም ይላሉ፤ ሳይቀበሉን ልምድ ከየት ይምጣ?» እያሉ ልጆቹ ያማርራሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ደግሞ የእድራችንን ዕቃ ቤት አያለሁ። ንጋት ላይ ጡሩንባ ይነፋል፤ ከቀትር በፊት ድንኳኑ ቆሞ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ብረት ድስቱ ተጥዶ፣ ለቀስተኛው ጥላ ሥር ይቀመጣል። ይኸን በአምስት ሰዓት ውስጥ ያለ ቀብድና ያለ ፕሮፎርማ የሚያደርግ የዝግጅት ድርጅት በከተማው ካለ አሳዩኝ! የዕቃ ቤት ኃላፊያችን ስንት ሲኒ እንደወጣና ስንት እንደተመለሰ ደብተሩን ሳያይ ይናገራል። የሚተካው ወጣት ግን ከጎኑ የለም።

ስለዚህ በየሦስት ወሩ ሁለት ሁለት ወጣቶች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከዕቃ ቤት ኃላፊው ጎን ይመደቡ፤ ዕቃ ያስረክቡ፣ ይረከቡ፣ የጎደለውን ይመዝግቡ። ድንኳናችን ለሠርግ ሲከራይም አብረው ይሂዱ። ሲጨርሱ እድራችን የሠሩትን በዝርዝር ገልጾ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይስጣቸው። «ለሚመለከተው ሁሉ፣ መልካም ጠባይ አላቸው» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ባይሰጥ ይሻላል። ስንት ድንኳን፣ ስንት ወንበር፣ ለስንት ቤት እንደሆነ ይጻፍበት።

ይኸን ሐሳብ ለአንድ ትልቅ አባታችን አስቀድሜ ባማክራቸው ተቆጡኝ። «የሰው ኀዘን መለማመጃ ነው ወይ?» አሉኝ። ጥያቄው ከባድ ስለሆነ እዚህም ሳልደብቅ አቀርበዋለሁ። ኀዘን ቤት ገብቶ ለነገው ሥራው ሲል ብቻ የሚንጎራደድ ልጅ እኔም አልፈልግም። በኀዘን ቤት ፎቶግራፍ አይነሣ፤ በቴሌግራም አይለጠፍ፤ የሟች ቤተሰብ ስም በማንም ማመልከቻ ላይ አይጻፍ። ይኸን ያፈረሰ ከሥራው ይውጣ፤ ደብዳቤም አይሰጠው። ከዚህ በተረፈ ግን፣ እኛስ ድንኳን መትከልን የት ተማርነው? አባቶቻችን ካስማውን ያዝ፣ ገመዱን ሳብ እያሉ በጎረቤት ለቅሶ ላይ አይደለም እንዴ ያስተማሩን? እኚያው ትልቅ ሰው ይኸን ስላቸው ጥቂት ዝም አሉና «ካስማው ላይ እኔ ልቁም እንግዲያው» አሉኝ።

ጉባኤው ከፈቀደ የሚቀጥለው የወር መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ከጸሐፊያችን ጋር ዕቃ ቤቱ ደጃፍ እቀመጣለሁ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ወጣቶች እንደ እውነተኛ ማመልከቻ አድርጋችሁ አንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ፤ እዚያው አብረን እያነበብን እናርማለን። በእጅ ቢጻፍም ግድ የለም። ስልክ ቁጥራችሁን ግን አትርሱ።