የትኛው የመተንፈሻ መሣሪያ ይስማማል?

ጽሑፉን የያዛችሁ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አብራችሁን አንብቡ።

የሚያንኮራፋ ሰው በየቤቱ አለ። ማንኮራፋት ሁሉ በሽታ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ግን ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ይላል። ትንፋሹ ለ10 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ይቋረጣል። ከዚያም ታፍኖ እንደቆየ ሰው አየር በኃይል ይስባል። እሱ አያውቀውም። የምታውቀው አጠገቡ የተኛችው ባለቤቱ ናት። ጧት ራሱን ያመዋል፤ ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል። ሹፌር ከሆነስ? መሪ እንደጨበጠ ቢያንቀላፋ የስንት ሰው ሕይወት ይጠፋል!

ምክንያቱ ምንድን ነው? ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። በአንዳንድ ሰው የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። መሣሪያው በቱቦና በጭምብል አየር እየገፋ መንገዱን ይከፍታል። የሚገፋው የክፍሉን አየር ነው እንጂ ኦክስጅን አይደለም። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ ያደረጉት በአውስትራሊያ ሐኪሙ ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

በብዛት የሚታወቁት ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ሲፓፕ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ልክ ይገፋል።

ሁለተኛው አውቶ ሲፓፕ ነው። ትንፋሽን እየተከታተለ፣ ሲያስፈልግ ግፊቱን ይጨምራል፤ ሲበቃ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ባይፓፕ ነው። አየር ስንስብ ጠንከር፣ ስናስወጣ ቀለል ያደርጋል። የሚታዘዘውም ኃይለኛ ግፊት ለሚከብደው ወይም ሌላ የአተነፋፈስ ችግር ላለበት ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ውድ የሆነው ይሻላል አትበሉ። ሲፓፕ ለብዙ ሰው ይበቃል። ለጎረቤት የተስማማውንም ዝም ብላችሁ አትግዙ። የሰው መነጽር ለእናንተ ዓይን ይሆናል እንዴ? መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ቀርባችሁ የእንቅልፍ ምርመራ አድርጉ። ዓይነቱንና የግፊቱን ልክ ሐኪሙ ይወስናል።

ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ጭምብሉ በልኬ ነው ወይ? አየር ያፈሳል ወይ? አፉን ከፍቶ ለሚተኛ ሰው አፍንጫንና አፍን አንድ ላይ የሚሸፍን ጭምብል አለ። መብራት ቢጠፋስ፣ በባትሪ ይሠራል ወይ? ጭምብሉና ማጣሪያው ሲያረጅ መለወጫ ይገኛል ወይ?

መሣሪያው ሣጥን ውስጥ ካደረ ማንንም አያድንም። የሚጠቅማችሁ ለሕመማችሁ የታዘዘውና በየሌሊቱ ሳታወልቁ የምታድሩበት ነው። መጀመሪያ ላይ ቢያስቸግራችሁ አትጣሉት፤ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ያስተካክልላችኋል።

ይህን ያነበባችሁ፣ ማንበብ ላልጀመረው ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ደህና እደሩ!