እጅና ርቀት፤ የካቴተር ሕክምና በሮቦት ሲታገዝ



ሐኪም ከሕመምተኛው አልጋ ርቆ ተቀምጦ የልብን ደም ቅዳ ሊከፍት ይችላልን? ይህ ጥያቄ ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት ቢነሣ እንደ ተረት በተቈጠረ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ በተግባር ታይቷል። ስለዚህ አሁን መመርመር የሚገባው፣ ሮቦት ለሐኪሙ እጅ ምን እንደ ሰጠው፣ ምንስ እንደ ወሰደበት ነው።

የካቴተር ሕክምና ታሪክ ከመነሻው የእጅ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በጀርመን አገር፣ በኤበርስቫልደ ከተማ፣ ቬርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ሐኪም በገዛ ክንዱ ደም መልስ በኩል 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ወደ ልቡ ሰደደ፤ ከዚያም በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ፎቶግራፉን አስነሣ። በ1956 ከአንድሬ ኩርናንና ከዲኪንሰን ሪቻርድስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በ1964 ቻርልስ ዶተር በአሜሪካ፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ የጠበበ የእግር ደም ቅዳን በካቴተር አሰፋ። በ1977 ደግሞ አንድሬያስ ግሩንትሲግ በዙሪክ ጫፉ ላይ ፊኛ ባለው ካቴተር የልብን ደም ቅዳ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ደረት ሳይከፈት፣ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል በሚበሳ ትንሽ ቀዳዳ፣ ብዙ ሕይወት ሊተርፍ ችሏል።

ይህ ለሕመምተኛው የቀለለ ሕክምና ግን ለሐኪሙ ከባድ ዕዳ አለበት። መሪ ሽቦው በደም ሥር ውስጥ የት እንደ ደረሰ የሚታየው በራጅ ነውና፣ ሐኪሙ በየቀኑ ከጨረሩ ምንጭ አጠገብ ይቆማል። ጨረሩን ለመከላከልም እርሳስ ያለበትን ከባድ ሽርጥ ለብሶ ለሰዓታት ይሠራል። በዚህም ሳቢያ የጀርባና የአንገት ሕመም በሙያው ሰዎች ዘንድ የተለመደ ሆኗል፤ በዓይን ብሌን ላይም ከጨረር ጋር የተያያዘ ሞራ እንደሚታይ ተደጋግሞ ተጽፏል። ሌላውን ለማዳን የተሰለፈ ሰው የራሱን ጤንነት ቀስ በቀስ ይከፍላል ማለት ነው።

ሮቦቱ በመጀመሪያ የመጣው ይህን ዕዳ ለማቃለል ነው። ኮርፓዝ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አገኘ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ በአልጋው ጎን የተተከለ የብረት ክንድ መሪ ሽቦውን፣ ፊኛውንና ስቴንቱን ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነዳል፤ ሽቦውንም ያዞራል። ሐኪሙ ጨረር በማያሳልፍ ግድግዳ ተከልሎ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ምስሉን ከፊቱ እየተመለከተ በትንንሽ ዘንጎች ያዝዘዋል። መሣሪያው በአንድ ሚሊ ሜትር ልክ እንኳ ሊገፋ ይችላል። በ2013 ውጤቱ በታተመ፣ 164 ሕመምተኞችን ባካተተ ጥናት፣ ዋናው ሐኪም ላይ የሚያርፈው ጨረር በ95.2 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል።

ሆኖም ለዚህ ጥቅም የተከፈለ ዋጋ አለ። ልምድ ያለው ሐኪም ሽቦው ከጠነከረ ግድግዳ ጋር ሲጋጭ ወይም ሲታጠፍ በጣቶቹ ጫፍ ያውቀዋል፤ ዓይን ከማየቱ በፊት እጅ ይጠነቀቃል። በዘንግ የሚሠራ ሐኪም ግን ይህን የመዳሰስ ዕውቀት በአብዛኛው ያጣል፤ እምነቱንም በምስሉ ላይ ይጥላል። መሐንዲሶች የመዳሰስ ስሜትን ለሐኪሙ መልሶ የሚያደርስ መሣሪያ ለመሥራት ሲደክሙ የቆዩትም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተስፋ ርቀትን ማሸነፍ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በሕንድ አገር ዶክተር ቴጃስ ፓቴል በጋንዲናጋር ከሚገኘው የአክሻርዳም ቤተ መቅደስ ሆነው፣ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በአሕመዳባድ ሆስፒታል የተኙ አምስት ሕመምተኞችን የልብ ደም ቅዳ በሮቦት አከሙ፤ አምስቱም በተሳካ ሁኔታ ታከሙ። ዜናው ዓለምን አስደነቀ። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው በዚያው ክፍል የነበረው ቡድን ነው። ደም ሥሩን ወግተው ካቴተሩን ያስገቡት፣ ሮቦቱን ያዘጋጁት፣ ችግር ቢፈጠር በእጃቸው ሊረከቡ የተዘጋጁት በአልጋው አጠገብ የቆሙት ባለሙያዎች ነበሩ። ርቀቱን ያሸነፈው መሣሪያው ብቻውን አልነበረም።

መሣሪያ ደግሞ የገበያ ነገር ነው። ሲመንስ ሄልዝኒርስ የኮርፓዝን አምራች ኮሪንደስን በ2019 ቢገዛም፣ በ2023 በልብ ሕክምና በኩል ያለውን ሥራ እንደሚያቋርጥና ፊቱን ወደ አንጎል ደም ሥር እንደሚያዞር አስታወቀ። በስትሮክ ጊዜ እያንዳንዷ ደቂቃ የአንጎልን ሕዋስ ስለምትገድል፣ የርቀት ሕክምና ፍላጎት በዚያ በኩል የበረታ ነው። ነገር ግን መሣሪያውን በልብ ሥራቸው ላይ ላዋሉ ክፍሎች ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሮቦት ሊቋረጥ ይችላል፣ በእጅ የመሥራት ችሎታ ግን ሊቋረጥ አይገባውም።

የካቴተር ክፍል በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ በሚገኝበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር፣ በአዲስ አበባ የተቀመጠ አንድ ሐኪም ራቅ ባለ ክፍለ ሀገር ያለን ሕመምተኛ ሊያክም ይችላል የሚለው ሐሳብ እጅግ ማራኪ ነው። ይሁን እንጂ የአሕመዳባድ ምሳሌ እንደሚያስረዳው፣ በሩቁ ሆስፒታል የራጅ ክፍል፣ የማይቋረጥ መብራትና አስተማማኝ መገናኛ፣ ከሁሉም በላይ ደም ሥር መውጋትና ካቴተር ማስገባት የሚያውቅ ቡድን ከሌለ፣ ሮቦቱ በሳጥኑ ውስጥ ይቀራል። ይህ ቡድን ካለ ደግሞ ሮቦቱ ባይመጣም ብዙ ሕመምተኞች ይድናሉ። ስለሆነም ስለ ግዥ ከመመካከር አስቀድሞ ስለ ሥልጠና መመካከር የሙያ ማኅበራት ድርሻ ነው፤ አሁን በሥራ ላይ ያሉትን ሐኪሞች፣ ነርሶችና የራጅ ባለሙያዎች ከጨረር የሚጠብቅ ሽርጥ፣ መከለያና የጨረር መለኪያ እንዲሟላላቸው መከታተልም እንዲሁ ለነገ የማይባል ግዴታ ነው።