ከብልቃጡ በፊት ኢንዛይሙ
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ ሂሳብ ያዦች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ስለ በሽታ እንድንናገር ያስገደደን ለሕክምና መረዳጃ ሣጥናችን የቀረበው ጥያቄ ነው። የአንዲት አባላችን ልጅ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ አለበት፤ የምናነሣውም በእርሷ ፈቃድ ነው። አንዳንዶቻችሁ በደግነት «አንቲኦክሲዳንት ለሳንባው ይረዳዋል፤ ብልቃጡን እንግዛለት» ብላችኋል። ዛሬ ድምፅ የምትሰጡት በዚህ ላይ ነው።

በሽታው ከእናትም ከአባትም በሚወረስ ጉድለት ይመጣል። የሰውነት ፈሳሽ ወፍሮ ሳንባን ያፍናል፤ የቆሽትንም ቱቦ ይዘጋል። ስብ የሚፈጨው ኢንዛይም አንጀት ካልደረሰ የተበላው ስብ ሳይጠቅም ይወጣል። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ወደ ሰውነት የሚገቡት ከስብ ጋር ስለሆነ አብረው ይባክናሉ።

በዚያው ጊዜ ወጪው ይበዛል። በሳንባ ውስጥ ጀርም የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች የሚረጩት ነገር የራስን ሰውነት ስብም ያበላሻል፤ ክፍት ተትቶ የቆየ ዘይት እንደሚበላሸው ማለት ነው። ይህን ስብ በመጠበቅ ዋነኛው ቫይታሚን ኢ ነው። ገቢው ሲያንስ፣ ወጪው ሲጨምር፣ ካዝናው ባዶ ይቀራል።

ታዲያ ብልቃጡን ብንገዛ ምን አለበት? ቫይታሚኑ ያለ ኢንዛይምና ያለ ስብ ሲዋጥ፣ በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ተጨማሪ አንቲኦክሲዳንት በደም ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ ማድረጉ ታይቷል፤ ሳንባን ስለ መርዳቱ ግን ጥናቶቹ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡም። ቫይታሚን ኤ ደግሞ ከልክ ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል። የቫይታሚን ኢ ምርመራ ራሱ በደም ካለው ስብ ጋር ተመዛዝኖ ነው የሚነበበው፤ ስለዚህ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

የምግብን ዋጋ የሚያሳይ አንድ ማስረጃ እነሆ። በ1988 የወጣ ጥናት የቦስተንንና የቶሮንቶን ታካሚዎች አነጻጽሮ ነበር። ግማሾቹ ታካሚዎች የሚደርሱበት ዕድሜ በቦስተን 21፣ በቶሮንቶ 30 ዓመት ሆኖ ተገኘ። በቶሮንቶ ሕፃናቱ ስብ የበዛበት ምግብ ከበቂ ኢንዛይም ጋር ይሰጣቸው ነበር።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ሣጥኑ ለኢንዛይም፣ ሐኪሙ ላዘዘው ቫይታሚንና ለደም ምርመራ ኢንሹራንስ ያልሸፈነውን ይክፈል። ብልቃጥ ለመግዛት ያሰባችሁም ገንዘቡን ለሣጥኑ ስጡ፤ በደረሰኝ እንቀበላለን፣ ወጪውንም በየሩብ ዓመቱ እናሳውቃለን።

በየቤታችን ስንጋብዘውም እናቱን እንጠይቅ። እኛ ብንጾም እርሱን ቅቤውን አንንፈገው። ኢንዛይሙንም ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት እንዲውጥ እናስታውሰው።