መድኃኒቱን የለመደው ማን ነው?



አንድ ሰው ቍስሉ አልድን ሲለው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» ሲል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። አነጋገሩ የታወቀ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። መድኃኒቱን የሚቋቋመው የበሽተኛው ሰውነት ሳይሆን፥ በሰውነቱ ውስጥ የገባው በዓይን የማይታየው ተሕዋሲ ነው። ይህ ስሕተት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጉዳዩን የአንድ በሽተኛ ብቻ ስለሚያስመስለው፥ በአጠገቡ የተኛውን ያስረሳናል። ነገሩን ለማስረዳት ሜሪ ባርበር የተባሉትን እንግሊዛዊት የባክቴሪያ ሊቅ ሥራ ላወሳላችሁ እወዳለሁ።

ባርበር በለንደን በሐመርስሚዝ ሆስፒታል ይመራመሩ ነበር። የተከታተሉት ስታፊሎኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ በብዙ ጤነኞች አፍንጫና ቆዳ ላይ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል፤ ቍስል ባገኘ ጊዜ ግን ያመግላል፥ ወደ ደም ከዘለቀም ይገድላል። ፔኒሲሊን ይህን ጠላት ድል ነሣው ተብሎ ዓለም ደስ ባለው ሰዓት ባርበር ቍጥር ይዘው ተቀመጡ። በሆስፒታሉ ከበሽተኞች ከተወሰዱት ስታፊሎኮከሶች መካከል፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. ከመቶው 14 ያህሉ ፔኒሲሊን የማይበግራቸው ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. 38 ሆኑ፤ በ1948 ዓ.ም. 59።

እንግዲህ ተሕዋስያኑ በሁለት ዓመት ውስጥ መድኃኒቱን መቋቋም ተማሩን? ምርመራው ያሳየው ሌላ ነው። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ቀድሞውኑ ፔኒሲሊኔዝ የተባለ፥ ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ነገር ያመነጩ ነበር። መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲፈጅ ለእነዚህ ቦታ ለቀቀላቸው፤ ስንዴው ታጭዶ እንክርዳዱ እንደ ቀረበት እርሻ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በአስታማሚዎች እጅ፥ በአፍንጫ፥ በብርድ ልብስ አቧራ ከአልጋ ወደ አልጋ ተሻገሩ። በ1949 ዓ.ም. ባርበርና ባልደረቦቻቸው በአንድ የማዋለጃ ሆስፒታል ውስጥ ይኸው ተሕዋሲ መዛመቱን ገለጹ። ከተወለደ ጥቂት ቀን የሆነው ሕፃን የትኛውን መድኃኒት ለመደ ይባላል?

በ1960 ዓ.ም. ገደማ ሜቲሲሊን የተባለ፥ ፔኒሲሊኔዝ የማይሰብረው አዲስ መድኃኒት ወጣ። በ1961 ዓ.ም. እርሱንም የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ በዚያው በእንግሊዝ አገር መገኘቱ ተገለጸ። በ2019 ዓ.ም. መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት በመላው ዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ሊቃውንት ገምተዋል። በእኛም ዘንድ ለጉንፋን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንክብል መግዛት፥ ከጎረቤት የተረፈውንም ለምኖ መዋጥ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኔም ራሴ አድርጌዋለሁ። ጉንፋን ከቫይረስ የሚመጣ ስለ ሆነ እነዚህ መድኃኒቶች አይነኩትም፤ የሚነኩት በአፍንጫችንና በአንጀታችን በሰላም የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ነው። ከእነርሱም ደካሞቹን ገድለው ብርቱዎቹን ያስቀሩልናል።

ወደ ባርበር እንመለስ። እኒህ ሴት አደጋውን በመናገር ብቻ አልቆሙም። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በሐመርስሚዝ ሆስፒታል ፔኒሲሊን በዘፈቀደ እንዳይታዘዝ ተወሰነ፤ ሲያስፈልግም ሁለት መድኃኒቶች ተጣምረው ይሰጡ ጀመር፤ ተሕዋሲው ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍም ጥንቃቄው ጠበቀ። ሐኪምን ያህል ሰው «ይህን መድኃኒት አትዘዝ» ብሎ ማሳመን ቀላል ሥራ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። በ1960 ዓ.ም. ባርበርና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን አሳተሙ፤ በሆስፒታሉ ውስጥ መድኃኒት የማይበግራቸው ስታፊሎኮከሶች ድርሻ ቀንሶ ነበር።