ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጅ እንዴት ተማረ?

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. የሆነውን ነገር ከመካከላችን የዘነጋ ሰው ያለ አይመስለኝም። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን ከተነገረ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለ15 ቀን እንዲዘጉ ታዘዘ። ልጆቻችን ደብተራቸውን እንደ ያዙ ወደ ቤት ተመለሱ፤ ብዙዎቹም ያልታሰበ ዕረፍት አገኘን ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። ይሁን እንጂ 15ቱ ቀን 7 ወር ሆነ። በሮቹ በየደረጃው እንደገና መከፈት የጀመሩት በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ነው፤ ያውም በፈረቃና በተራራቀ መቀመጫ።

በዛሬው ንግግሬ ስለ በሽታው አልናገርም፤ ስለ እርሱ ሐኪሞች ብዙ ተናግረዋል። የምናገረው በእነዚያ ወራት ትምህርት በኢንተርኔት፣ በቴሌቪዥንና በራዲዮ ወደ ቤት እንዲመጣ በተደረገ ጊዜ በተማሪዎች ላይ ስለ ደረሰው ነገር፣ ይልቁንም ገና ተከፍሎ ስላላለቀው ዕዳ ነው።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዚያን ጊዜ እንዳስታወቀው፣ ከ190 በሚበልጡ አገሮች ወደ 1.6 ቢሊዮን የሚጠጋ ተማሪ ከትምህርት ገበታው ተለይቶ ነበር። የሕፃናት መርጃው ድርጅት ዩኒሴፍ ደግሞ በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ ከዓለም ተማሪ ልጆች ሲሶው፣ ማለት ቢያንስ 463 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ በሩቅ የሚሰጠውን ትምህርት የሚያገኙበት መንገድ እንዳልነበራቸው ገልጿል።

ወረርሽኝ ትምህርት ቤትን ሲዘጋ መምህሩን በመሣሪያ ለመተካት መሞከር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1937 በአሜሪካ አገር፣ በቺካጎ ከተማ የልጅነት ልምሻ ተነሥቶ የትምህርት ቤቶች መክፈቻ በዘገየ ጊዜ፣ የከተማይቱ መምህራን ለ325,000 ያህል የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በራዲዮ አስተማሩ፤ የየዕለቱም የትምህርት ሰዓትና ጥያቄ በጋዜጣ ይታተም ነበር። ከዚህም ጋር ወላጆች የሚጠይቁበት የስልክ ክፍል ተቋቋመ። ገና በመጀመሪያው ቀን ግን ጥሪው ከመብዛቱ የተነሣ ተጨማሪ መምህራንን በስልኩ ላይ መመደብ ግድ ሆነ።

ይህ ምን ያስረዳል? ራዲዮ የመምህሩን ድምፅ ወደ ልጁ ያደርሳል፤ የልጁን ጥያቄ ግን ወደ መምህሩ አይመልስም። እኔም በማይክሮፎን ፊት ተቀምጬ የምናገር ሰው እንደ መሆኔ መጠን ይህን እውነት ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ፤ አሁን የምናገረውን ከእናንተ መካከል ማን እንደ ገባው፣ ማንስ እንዳንቀላፋ ለማወቅ አልችልም።

የቀድሞውን የቄስ ትምህርት ቤት እናስታውስ። ከዛፍ ጥላ ሥር ብዙ ልጆች ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ የየራሱን ንባብ በአንድ ጊዜ ሲጮኽ፣ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንቀላፉ ይመስላሉ። ሆኖም ከመካከላቸው አንዱ አንዲት ፊደል በሳተ ጊዜ ወዲያው ቀና ብለው ያርሙታል። የማስተማር ዋና ሞያው ይህ ነው። መናገሩን ማንም ሊናገር ይችላል፤ መምህር የሚባለው ግን የተማሪውን ድምፅ ሰምቶ ስሕተቱን በተወለደበት ሰዓት የሚያርመው ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን «ፕላዝማ» የሚባለውን የቴሌቪዥን ትምህርትም ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን፤ እኔም ከዚያ ዘመን ተማሪዎች አንዱ ነኝ። በመስኮቱ ላይ የሚታየው መምህር ዐዋቂ ነበር፤ ሥዕሉም ያማረ ነበር። ዳሩ ግን እኛ የመጀመሪያውን ነጥብ ጽፈን ሳንጨርስ እርሱ ወደ ሦስተኛው ይሻገራል፤ እጅ ብናወጣም አያየንም። ያልገባንን የምንጠይቀው በክፍል ውስጥ የቆመውን መምህራችንን ነበር፤ ለእርሱም የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. ግን በየቤቱ ለተቀመጠው ልጅ ያ በክፍል ውስጥ የቆመው መምህር እንኳ አልነበረውም።

በዚያን ጊዜ ትምህርቱ ጨርሶ እንዳይቋረጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። በከተማ ያሉ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ በቴሌግራም ማስታወሻና የቤት ሥራ ይልኩ ጀመር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በዚህ ሥራ የደከሙ መምህራንም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ቤት ሁሉ አንድ አይደለም።

በሰፈራችን የማውቃቸውን ሁለት ቤቶች ልንገራችሁ። በአንደኛው ቤት አባትና እናት ሁለቱም ደመወዝተኞች ናቸው። ልጁ የራሱ ታብሌት ነበረው፤ ማታ ማታም እናቱ ከአጠገቡ ተቀምጣ የተላከውን ታስረዳው ነበር። በሁለተኛው ቤት ሦስት ልጆችና አንድ ስልክ ነበሩ፤ ስልኩም የአባትየው ነው። እርሱ የሌሊት ዘበኛ ስለሆነ ስልኩን ይዞ ማታ ይወጣና ሲነጋ ይመለሳል። ልጆቹ የትናንቱን የቤት ሥራ የሚያዩት በማግሥቱ አባታቸው ተኝቶ ሳለ ነው፤ ካርድ ካለቀ ደግሞ ያንንም አያዩትም። ከሦስቱ ታላቂቱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ተራዋን ለታናናሾቿ እየለቀቀች እርሷ እንጀራ ስትጋግርና ውሃ ስትቀዳ ሰነበተች። የሁለቱም ቤት ልጆች የሚማሩት በአንድ ትምህርት ቤት ነበር፤ «ትምህርቱ ለተማሪዎች ሁሉ ደርሷል» የሚለውም ሪፖርት የተጻፈው ስለ ሁለቱም ነው።

ከከተማ ወጣ ብለን ብንመለከት ደግሞ፣ መብራት ባልገባበት ቀበሌ ስለ ኢንተርኔት መናገር ራሱ ቀልድ ይመስላል። በዚያ ያለው ልጅ ከብት ሲጠብቅ ከረመ። በከተማም ቢሆን በሰኔ ወር መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ፣ በእርሱ የሚሰጠው ትምህርት አብሮ ቆመ።

ይህን የሰማ ሰው፣ «እንግዲያስ ችግሩ የመሣሪያ እጦት ነው፤ ለልጅ ሁሉ ታብሌት ቢታደል ነገሩ ያበቃል» ይል ይሆናል። መሣሪያ ማስፈለጉን አልክድም። ቢሆንም የሆላንድን አገር ምሳሌ እንመልከት። በዚያ አገር ፈጣን ኢንተርኔት የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው፤ ትምህርት ቤቶቹም የተዘጉት ለ8 ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ሊቃውንት ከመዘጋቱ በፊትና በኋላ የተሰጠውን ፈተና አመሳክረው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከቤት ሆነው ያገኙት ዕውቀት እጅግ ጥቂት መሆኑን አስረዱ። የጠፋባቸው ነገር የአንድ የትምህርት ዓመት አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ይህም ትምህርት ቤቱ ከተዘጋበት ጊዜ ጋር የሚተካከል ነው። ወላጆቻቸው ብዙ ባልተማሩባቸው ቤቶች ደግሞ ጉዳቱ ከሌሎቹ እስከ 60 በመቶ ይበልጥ ነበር። እንግዲህ መሣሪያው በሞላበት አገር እንኳ ያልሞላ አንድ ነገር ነበረ ማለት ነው።

ያ ነገር ምን እንደ ሆነ የሚያሳየን ከአፍሪካችን የተገኘ ምሳሌ ነው። በቦትስዋና በወረርሽኙ ጊዜ ከ4,500 በሚበልጡ ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ሙከራ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በተራ ስልክ መልእክት ብቻ ተላከላቸው። ለሌሎቹ ግን ከመልእክቱ ጋር አስተማሪ በሳምንት አንድ ጊዜ እየደወለ፣ ከልጁና ከወላጁ ጋር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እየተነጋገረ ጥያቄውን አብሯቸው ይሠራ ነበር። በመጨረሻ ሲመረመር፣ መልእክት ብቻ የደረሳቸው ልጆች ይህን ያህል አልተጠቀሙም፤ የተደወለላቸው ግን በሒሳብ ትምህርት በግልጽ ተሻሽለው ተገኙ። በዚህ ሥራ ታብሌትም ኢንተርኔትም አላስፈለገም። ያስፈለገው «እንዴት አድርገህ አገኘኸው?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱን የሚሰማ ሰው ነው።

ሚዛናችን ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል ግን የኢንተርኔትን ትምህርት ጥቅምም መናገር ይገባል። ማንበብና ራሱን መምራት የሚችል፣ ዕድሜውም የጠና ተማሪ የተቀረጸውን ትምህርት መልሶ መላልሶ ሊሰማ፣ በአገሩ ከሌለ መምህርም ሊማር ይችላል። ፊደል ለይቶ ቃል ማንበብ ለሚጀምር ሕፃን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እርሱ ያልገባው ነገር ምን እንደ ሆነ እንኳ ለይቶ አያውቀውም፤ ያን የሚያውቅለት ፊቱን የሚያይ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዕዳው ልመለስ። በዚያን ዓመት ከብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች በቀር ሌሎቹ ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ ተደረገ። ጊዜው የጭንቅ ጊዜ ስለ ነበረ ውሳኔውን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። የክፍሉ ቍጥር ሲጨምር የጐደለው ንባብ አብሮ አልጨመረም። በዚያን ጊዜ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፍል ተሻግሯል። ንባቡን በዚያው ዓመት አጕድሎት ከነበረና ማንም ካላረመለት፣ ዛሬ የሳይንስ መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ የሚቸግረው ሳይንሱ ሳይሆን ንባቡ ሊሆን ይችላል። እኛም «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» ብለን እንፈርድበታለን። ልጁ ያልከፈለው ዕዳ እንጂ የፈጸመው ጥፋት የለም።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ አድማጮቼ ሆይ፤ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛው በቤታችሁ የሚሠራ ነው። ማታ ከሥራ ስትመለሱ ሩብ ሰዓት ያህል ከልጃችሁ ጋር ተቀመጡ። አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ፤ ያነበበውንም በራሱ ቃል ይንገራችሁ። ሲሳሳት አትቈጡት፤ የተቈጡት ልጅ ስሕተቱን መደበቅ ይማራል እንጂ ማረም አይማርም። በቤታችሁ ተቀምጣ የምታገለግል፣ ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ ካለችም እርሷንም ከገጹ ፊት አስቀምጧት። ጕድለት ካገኛችሁ የምስክር ወረቀት እስኪወጣ ሳትጠብቁ ወደ መምህሩ ሂዱ።

ሁለተኛው በቢሮአችሁ የሚሠራ ነው። የዕቅድና የሪፖርት ብዕር በእጃችሁ ያለ ብዙዎች ናችሁ። ወረርሽኝም ሆነ ሌላ መከራ ትምህርት ቤትን ዳግመኛ የሚዘጋበት ቀን እንዳይመጣ እንመኛለን፤ ቢመጣ ግን «ስንት ትምህርት ተላለፈ?» ብላችሁ ብቻ አትቍጠሩ። «ስንት ልጅ ተጠይቆ መለሰ?» ብላችሁም ቍጠሩ። ኢንተርኔት በማይደርስበት ተራ ስልክ ይደርሳል፤ ስልክ በማይደርስበት የታተመ ወረቀትና የሚጠይቅ ጎረቤት ይደርሳል። በቄስ ትምህርት ቤት ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስነብብ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ዛሬም በየመንደሩ ይህን ማድረግ የሚችል ወጣት አይጠፋም።

ብዙ ጊዜ ልጆቻችንን የምንጠይቃቸው «ዛሬ ስንት አገኘህ? ስንት አገኘሽ?» እያልን ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከዚያ አስቀድመን «ዛሬ ያልገባህ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። በእነዚያ 7 ወራት በብዙ ቤት ሳይጠየቅ የቀረው ይህ ጥያቄ ነው።