ሕመሙ እያለ እንቅልፍን ማከም



የጉልበት ወይም የዳሌ ኦስቲዮአርትራይተስ ያለበት ሰው እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር እንደሚነጋ ሲነግረን ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል፤ ሕመሙ ነው። ስለዚህ ማስታገሻ እናዝዝና እንቅልፉ ተከትሎ እንዲመጣ እንጠብቃለን። ዛሬ የምሞግተው ይህንን ልማድ ነው።

ሕመም እንቅልፍን እንደሚያውክ አልክድም። ነገር ግን እንቅልፍ ማጣት ሲቆይ የራሱን ሥር ይሰድዳል። ታማሚው የጎደለውን ለማካካስ በጊዜ ይተኛል፤ ቀንም ጋደም ይላል። ቤተሰቡም በቅን ልቡና «ጎንህን አሳርፍ» ይለዋል። አልጋው ውሎ አድሮ የመጨነቂያ ስፍራ ይሆናል።

የንግግር ሕክምና ስንል ወግ መጨዋወት የሚመስለው ተማሪ አይጠፋም። ሕክምናው ግን ጥብቅ ነው። ታማሚው የእንቅልፍ ማስታወሻ ይይዛል፤ በትክክል የሚተኛው ስድስት ሰዓት ከሆነ፣ በአልጋ ላይ የሚያሳልፈውም ጊዜ ወደዚያው እንዲጠጋ ይደረጋል። እንቅልፉ ሲረጋ ጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርለታል። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ከአልጋው ይወርዳል፤ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሣል። «ዛሬ ካልተኛሁ ነገ ጉልበቴ አይሸከመኝም» የሚለው ፍርሃትም አብሮ ይመረመራል። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ለአዋቂዎች ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያው ሕክምና ይህ እንዲሆን መክሯል።

ሕመሙ ሳይለቅ ይሠራልን? በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ተካሂዶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሁለቱም ችግሮች ያሉባቸውን፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 327 ሰዎችን ተከታትሏል። ለአንደኛው ቡድን ሕክምናው በስምንት ሳምንታት ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በስልክ ተሰጠ፤ ሁለተኛው በስልክ ትምህርት ብቻ አገኘ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው ቡድን 56.3 በመቶ፣ ከሁለተኛው ደግሞ 25.8 በመቶ የሚሆኑት እንቅልፍ ማጣቱ ለቅቋቸው ነበር። ድካማቸውም ቀንሶ ቆይቷል። ሕመሙ ግን ሕክምናው እንዳበቃ ቀለል ቢልም፣ ከዓመት በኋላ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም። ይህንን ሸፋፍነን ሕክምናውን እንደ ሕመም ማስታገሻ ብናቀርበው ታማሚውን እናታልላለን።

ለክሊኒክ ተለማማጆች አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀን ቀን ማንቀላፋት ይበረታል፤ ስለዚህ ታማሚው መኪና ይነዳ እንደሆነ፣ ወድቆም ያውቅ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጉልበቱ ለታመመ ሰው በሌሊት መነሣት ራሱ ፈተና ነውና፣ ወንበሩ ከአልጋው አጠገብ ይሁን፤ መብራቱም እጁ የሚደርስበት።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።